አስማትና ጊንሊ፤ በአዳይቱ መንገድ ላይ ስለ ጀማሪዎች የተጻፈ ትችት

ስለ ኢትዮጵያ አስማት ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ተጽፏል። የተጻፈውም በአመዛኙ ተፈጽሞ የተገኘውን ነገር የሚመለከት ነው፤ ይኸውም የተጠቀለለውን ክታብ፥ የተሣለውን ጠልሰም፥ በደብተራው ማስታወሻ ላይ የሰፈረውን የመድኃኒት ትእዛዝ ነው። አንድ ሰው ይህን ጥበብ ሲጀምር ምን ያደርጋል፥ ከማንስ ይቀበላል፥ ጀማሪነቱንስ የሚመሰክርለት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከመግቢያና ከግርጌ ማስታወሻ አልፎ አልወጣም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይህ ጥያቄ ወደ መካከል መምጣት ይገባዋል የሚል ነው። ቃላትና ሥዕላት ከአገር ወደ አገር በቀላሉ ይሻገራሉ፤ አጀማመሩ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይሻገርም። ስለዚህ ሁለት ወጎችን በቃላቸው ብቻ የሚያነጻጽር ሊቅ ልዩ የሆኑትን አንድ ናቸው ሊል ይችላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

መጻሕፍቱን ከመሬት ጋር የማመሳክርባት ቦታ አዳይቱ ናት። አዳይቱ ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ሰመራ፥ ከዚያም ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዓፋርና ኢሳ ሶማሌ የሚገናኙባት፥ የሁለቱም ክልሎች አስተዳደር ለብዙ ዘመን የተከራከሩባት ስፍራ ናት። የጭነት መኪናዎች ያልፉባታል፤ ከሾፌሮቹና ከረዳቶቹም ብዙዎቹ የደጋ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር የደጋው ክታብ፥ ሶማሎች ሒርሲ የሚሉት የቍርኣን ጽሑፍ የተሰፋበት የአንገት ማኅደር፥ የዓፋርም የጊንሊ ወሬ ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ያልተበረዘ ወግ እናገኛለን ሲሉ ወደ ሩቅ ገደል ይወጣሉ። ለእኔ ግን ሦስት ወጎች እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት የመንገድ ዳር ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። ‹‹አስማት›› በግእዝ የ‹‹ስም›› ብዙ ቍጥር ነው። ቃሉ ራሱ የደጋው ጀማሪ ሥራ ምን እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ሥራው ስሞችን መማር ነው። የእግዚአብሔርን ኅቡኣን ስሞች፥ የመላእክትን ስም፥ የአጋንንትን ስም፥ በመጨረሻም የሚታከመውን ሰው የክርስትና ስም ይማራል። ‹‹ጊንሊ›› የሚለው የዓፋርኛ ቃል ግን ጂኒ ያለው፥ ባለ ጂኒ እንደ ማለት ነው። በአንደኛው ቋንቋ የጥበቡ ባለቤት የሚያውቅ ሰው ሲሆን በሁለተኛው ደግሞ የተያዘ ሰው ነው። ይህን ልዩነት የያዘ አንባቢ ቀጥለን የምናነሣቸውን መጻሕፍት በሌላ ዓይን ያያቸዋል።

ማርሴል ግሪዮል በ1930 በፓሪስ ያሳተመው የአንድ ሐበሻ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩ ብዙ አውሮጳውያን ጥቅልሉን ለቤተ መዘክር ሲሰበስቡ እርሱ የባለሙያውን የእጅ ማስታወሻ ከፍቶ አሳይቷል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ አንድ ስሕተት ያሳድራል፤ ይህም አንባቢው ትእዛዙን ካነበበ ጥበቡን ያገኘ እንዲመስለው ማድረጉ ነው። የደብተራ ማስታወሻ ለሌላ ሰው ማስተማሪያ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ጸሓፊው ለራሱ ማስታወሻ ይሆነው ዘንድ፥ ከዚህም በላይ የሚቀዳበትን ባልንጀራ እየፈራ የጻፈው ነው። አለን ያንግ በ1975 ባወጣው ጥናት የአማራውን የአስማት ሥራ ‹‹ከፊል ሙያ›› ሲል የሰየመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደብተሮች ዕውቀታቸውን እርስ በርሳቸው ይደባበቃሉ፥ የሚያስተዳድራቸውም ማኅበር የላቸውም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሁኔታ የተጻፈ ማስታወሻ የሚናገረውን ያህል የሚሰውረው እንዳለ ማሰብ ይገባል። ግሪዮል የተሰወረውን ነገር የሚያመለክት አንድ ምዕራፍ ቢጨምር ኖሮ መጽሐፉ ሁለት እጥፍ በጠቀመን ነበር።

ስቴፋን ስትሬልሲን በ1955 ስለ መፍትሔ ሥራይ ጸሎቶች ያሳተመው ሥራ በዚህ ወቀሳ ውስጥ አይገባም። እርሱ ጽሑፍን አርሞና ተርጕሞ አቀርባለሁ አለ፤ አቀረበም። ስለ ጀማሪው ማወቅ የሚሻ ሰው ይልቁንስ ዣክ መርስዬ በ1988 ያወጣውን የአስረስን የሕይወት ታሪክ ያንብብ፤ ከ1895 እስከ 1985 ያለውን ዘመን የሚሸፍን የአንድ ባለሙያ ትዝታ ነው። ያሳዝናል፤ ተማሪዎቻችን የዚሁ ሊቅ በ1979 የታተመውን ባለ ሥዕል የክታብ መጽሐፍ እየተቀባበሉ ያያሉ፥ የአስረስን ትዝታ ግን ፈልጎ የሚያነብ ከመካከላቸው ጥቂት ነው። ሥዕሉ ያማረ ስለ ሆነ ይመስለኛል።

የደጋው ጀማሪ በእውነት ከየት ይጀምራል? ከፊደል ይጀምራል። ፊደል ይቈጥራል፥ አቡጊዳ ይላል፥ መልእክተ ዮሐንስን ይዘልቃል፥ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ወደ ዜማ ቤትና ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል፤ አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› እያለ ይለምናል፤ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል። ይህ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ነውርም የለበትም። ከዜማ ቤትና ከቅኔ ቤት አጠገብ ግን የአስማት ቤት የሚባል የለም። ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ የተማረው ልጅ በሌሊት አንድ ጸሎት እንዲገለብጥ ይታዘዛል፤ ጸሎቱ የመላእክት ስም አለበት፤ ቀጥሎ የሚገለብጠው የማይታወቁ ስሞች አሉበት። ከየትኛው መስመር በኋላ ጸሎቱ አስማት እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው የለም። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) በመጽሐፈ ብርሃንና በመጽሐፈ ሚላድ አስማተኞችን አጥብቀው ያወገዙት ይህ ድንበር በቀላሉ የማይታይ ስለ ነበረም ጭምር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ውግዘቱ የታወቀ ነው፤ ሥራው ግን በዚያው በተወገዘበት ፊደልና ቀለም እየተጻፈ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ስለ ክታቡ አሠራር ብዙ ስለ ተባለ እዚህ አላስረዝምም። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ በተፋቀ ብራና ላይ ይጻፋል፤ ከራስ እስከ እግር ይጠብቀው ዘንድ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል፤ የሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ በብዙው ይገኝበታል፤ የባለቤቱ የክርስትና ስም በየጸሎቱ መካከል ይገባል። በአውሮጳ ቤተ መዘክሮች ከተቀመጡት ክታቦች አንዳንዶቹ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው ናቸው። ብራናው ያው ነው፥ ሥዕሉም ያው ነው፤ ስሙ ሲለወጥ ግን ክታቡ ሌላ ክታብ ሆኗል። ለጀማሪው ትልቁ ትምህርት የሚገኘው በዚህ በተፋቀው ቦታ ይመስለኛል፤ የቤተ መዘክር ካታሎግ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ያልፈዋል።

ቃላት እንደሚሻገሩ ከላይ ተናግሬአለሁ፤ ማስረጃውም የታወቀ ነው። በአስማት ጸሎቶቻችን ውስጥ ሳዶር፥ አላዶር፥ ዳናት፥ አዴራ፥ ሮዳስ የሚባሉ የአምስቱ ቅንዋተ መስቀል ስሞች አሉ። እነዚህ በላቲን ሳቶር፥ አሬፖ፥ ቴኔት፥ ኦፔራ፥ ሮታስ ከሚለው፥ ወደ አራቱም ወገን ከሚነበበው የአራት ማዕዘን ጽሑፍ የመጡ ናቸው። ያ ጽሑፍ በ79 ዓመተ ምሕረት በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔ ከተማ ግድግዳ ላይ ተገኝቷል። ደግሞም መዘርስ በ1889 ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ ባሳተመው ‹‹የሰሎሞን ቍልፍ›› በሚባለው የአውሮጳ የአስማት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። እኛም መርበብተ ሰሎሞን የሚባል ጸሎት አለን፤ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የያዘበት ነው። በአዳይቱ ያለው እስላምም ሱሌይማን ጂኒዎችን እንዳዘዘ ከቍርኣን ያውቃል። እንግዲህ በለንደን፥ በጎጃምና በአዋሽ ዳር የጥበቡ ታላቅ መምህር አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ይህን አይቶ ሦስቱም አንድ ወግ ናቸው ለማለት የሚቸኵል ሊቅ አይጠፋም፤ በውጭ አገር በተማርኩበት ዘመንም እንዲህ የሚል ንግግር ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ።

የለንደኑ ጀማሪ የሚጀምረው በሌላ መንገድ ነው። ወርቃማ ንጋት የተባለው ማኅበር በ1888 ሲመሠረት ጀማሪው በመሐላ ይገባ፥ በየደረጃው ይፈተን ነበር። እስራኤል ሬጋርዲ ከ1937 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት የማኅበሩን ሥርዓት አሳትሞ ካወጣ በኋላ ግን መጽሐፉን የገዛ ሁሉ በቤቱ ክብ ሥሎ፥ ሻማ አብርቶ ጀማሪ ለመሆን ቻለ። ታንያ ለርማን በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ እነዚህን የለንደን ሰዎች አጥንታለች፤ ብዙዎቹ የተማሩና ደመወዝተኞች ናቸው። ማስተዋሏ የሚደነቅ ነው። ጀማሪው አስቀድሞ አምኖ አይጀምርም፤ እየሠራ፥ የሆነውንና የአጋጣሚውን ነገር በአዲስ ቃል እየጠራ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ እምነቱ ሥራውን ተከትሎ ይመጣል። በዚህ ሐሳብ ላይ የማነሣው ክርክር አንድ ነው። ለርማን ያጠናችው ሰው አስማቱን ራሱ መርጦ የገባበትን ሰው ነው። መጽሐፏን የትም አገር ላለ ጀማሪ መለኪያ አድርገው የሚወስዱ አንባቢዎች ይህን ይዘነጋሉ።

በእኛም አገር ማተሚያ ቤት ከሬጋርዲ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ሠርቷል። ዐውደ ነገሥት ታትሞ በአዲስ አበባ መጻሕፍት መሸጫዎችና በየመንገዱ ይሸጣል። የሰውዬው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቍጥር ይደመራል፥ በ12 ይገደፋል፥ የቀረው ቍጥር ኮከቡን ይነግራል። ኮከቦቹም ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ፥ ሸርጣን እያሉ እስከ ሑት የሚሄዱ፥ ስማቸው ከዐረብኛ የመጣ ናቸው፤ ይህም የደጋውና የቆላው ዕውቀት ከጥንት ጀምሮ ሲዋዋስ እንደ ኖረ አንድ ምልክት ነው። በዚህ ቍጥር መሠረት ጋብቻ የሚያፈርሱና መንገድ የሚያስቀሩ ሰዎች ስላሉ ነገሩ ጨዋታ አይደለም።

አዳይቱ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ረዳት ይህን መጽሐፍ ከፍቶ ለአንድ የዓፋር ወጣት ኮከቡን ሊቈጥርለት ሲሞክር አይቻለሁ። ወጣቱ ስሙን ሐሰን ብሎ ነገረው። ረዳቱ እርሳሱን ይዞ ቈየና ወደ እኔ ዞሮ፥ ‹‹ጋሼ፥ በየትኛው ሀ ልጻፈው?›› አለኝ። ወጣቱ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመለት፤ ሐውን ከጕሮሮው አውጥቶ በጥራት ነው የሚጠራው። ረዳቱ ግን ልዩነቱን በጆሮው ሊለየው አልቻለም። በሃሌታው ሀ ጽፎ የእናቱን ስም ሲጠይቀው ወጣቱ ሣቀና፥ ‹‹እሱን አልነግርህም›› አለ። ቍጥሩ በዚህ ቀረ።

ይህች ትንሽ ነገር ስለ ታተመው መጽሐፍ ከረጅም ትችት ይልቅ ትናገራለች። ፊደላችን በአበገደ ተራ ቢቈጠር ሃሌታው ሀ 5፥ ሐመሩ ሐ 8 ነው። በአንዱ ሲጻፍ ቀሪው 1 ሆኖ ሐመል የሚወጣለት ሰው በሌላው ሲጻፍ ቀሪው 4 ሆኖ ሸርጣን ይሆናል። በቅኔ ቤት ያደገ ደብተራ ስሙ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ምክንያቱን ጭምር ያውቃል፤ ካላወቀም የሚጠይቀው መምህር አለው። መጽሐፉን ከመንገድ የገዛው ሰው ግን የሚያውቀው የዛሬውን የአማርኛ አጻጻፍ ነው፤ በዚህም አጻጻፍ ሀ፥ ሐ እና ኀ እንደ ጸሓፊው ፈቃድ ይለዋወጣሉ። የሚያስገርመው በዓፋርኛና በሶማልኛ ሀ እና ሐ እስከ ዛሬ በድምፅ የተለያዩ መሆናቸው ነው። የመጽሐፉ ባለቤት የሆነው የደጋ ሰው ያጣውን ልዩነት መጽሐፍ የሌለው የቆላ ሰው በአንደበቱ ይዞታል። የዐውደ ነገሥት አሳታሚዎች በመቅድማቸው ስለ ፊደል ምርጫ ጥቂት ቃል እንኳ ቢጨምሩ መልካም ነበር፤ ያ ግን ገዢውን ወደ መምህር ስለሚመልሰው ለገበያ የሚመች አይሆንም።

የወጣቱም እንቢታ መታለፍ የለበትም። በደጋ የክርስትና ስም ከባዕድ የሚሰወረው ስምን የያዘ ባለቤቱን ይይዛል በሚል ፍርሃት ነው። ወጣቱ የዐውደ ነገሥትን ሕግ አልተማረም፤ ሆኖም ለማን ምን እንደማይነገር ያውቃል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ከማንኛውም አስማት ትምህርት የመጀመሪያው ክፍል ይመስለኛል፤ በታተመውም መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።

አሁን ወደ ጊንሊ እንመለስ። ወንዶች ተጠጋግተው በክብ ይቆማሉ፥ ያጨበጭባሉ፥ ይዘምራሉ፤ ጊንሊው በመካከል ሆኖ መንፈሱ ሲመጣበት ይናገራል፤ ስለ ዝናም፥ ስለ ግጦሽ፥ ስለ ጠላት ይጠየቃል፥ በግጥምም ይመልሳል፤ ክበቡ ቃሉን እየተቀበለ ያስተጋባል። ዊልፍሬድ ቴሲጀር ከ1933 እስከ 1934 አዋሽን ተከትሎ እስከ አውሳ ሲጓዝ ይህን አይቶ ጽፏል። የቴሲጀር ዓይን የተጓዥ ዓይን ነው፤ በሌሊት ያየውን ይጽፋል፥ በማግስቱ ግመሉን ጭኖ ይሄዳል። ስለ አዋሽ ወንዝ አወራረድ ያደረገው ጥንቃቄ ለሰዎቹ ንግግር ቢደረግ ኖሮ ዛሬ ትልቅ ሀብት ይሆነን ነበር። ሉዊስ በ1955 ስለ አፍሪቃ ቀንድ ሕዝቦች ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ዓፋር የጻፈውን በአብዛኛው ከሌሎች ጽሑፎች አጠናቅሮታል፤ መነሻ እንጂ መድረሻ አይሆንም። ይህን ጕድለት የሞላው ዲዲዬ ሞረን ነው። በ1991 ባወጣው መጽሐፍ ጊንሊን ንግርተኛ፥ ባለቅኔና ጦረኛ አድርጎ በአንድነት ሰይሞታል፤ ሦስቱን ስሞች በአንድ አርእስት ማስቀመጡ ብቻ የቀድሞውን አጻጻፍ ያርማል። ቀድሞ አንዱ ጸሓፊ ጭፈራውን ሌላው ንግርቱን ነጥሎ ይጽፍ ስለ ነበር ነገሩ በአንድነት አይታይም ነበር።

ሁበርና ሞስ በ1904 ባሳተሙት ስለ አስማት አጠቃላይ መላ ምት በተጻፈ ድርሰታቸው ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፥ አስማት ከሕዝባዊ አምልኮ ውጭ በስውርና በግል የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛው፥ አስማተኛውን አስማተኛ የሚያደርገው የሕዝቡ አስተያየት ነው። የደጋው ደብተራ የመጀመሪያውን ቃል ያጸናላቸዋል። ጊንሊ ግን የመጀመሪያውን ያፈርስባቸዋል፤ ሁለተኛውን ግን እነርሱ ራሳቸው ካሰቡት አልፎ ያጠነክርላቸዋል። በጊንሊ ዘንድ የሕዝቡ አስተያየት በሩቅ ያለ ነገር አይደለም፤ በዙሪያው ቆሞ የሚያጨበጭብ እጅ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች ጊንሊን ከአስማት ክፍል አውጥተን በንግርት ክፍል እናስገባው ይላሉ። በመዝገብ አከፋፈል ይህ ይቀል ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ ሲደረግ ስለ ጀማሪው የሚነሣው ጥያቄ ዳግመኛ ይሰወራል።

የጊንሊ ጀማሪ መጽሐፍ አይገዛም፥ ስሞችንም አይገለብጥም። መንፈሱ እንዲይዘው ፈልጎ ሊጀምር አይችልም። ቢሆንም ሳይማር የቆመ አይደለም። ማንም ጊንሊ ከመሆኑ አስቀድሞ በክበቡ ዳር ቆሞ ያጨበጨበ ልጅ መሆኑ የግድ ነው፤ መቼ ድምፅ ዝቅ እንደሚል፥ መቼ ጥያቄ እንደሚጣል፥ የመላሹ ግጥም በምን ልክ እንደሚገባ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ከዓፋር ውጭ የተወለደ ሰው ቃሉን ሁሉ በቃሉ ቢይዝ እንኳ ያ ልጅነት ስለሚጐድለው ክበቡ አይቀበለውም። ሳዶርን ከሮም ወደ ጎንደር ያደረሰው መንገድ ለጊንሊ አልተከፈተለትም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚቀዳ ጽሑፍ የለውም፤ ያለው ቆሞ የሚቀበል ክበብ ነው።

ከዚህም ለመስክ ሥራችን አንድ ግልጽ ነገር ይከተላል። ተማሪዎቻችን ወደ አዋሽ ሸለቆ መቅረጸ ድምፅ ይዘው ሲወርዱ ድምፅ መቅጃውን የሚያስጠጉት በመካከል ለቆመው ሰው ነው፤ የተገለበጠውም ጽሑፍ የእርሱን ግጥም ብቻ ይዞ ይመጣል፥ የክበቡ ምላሽ ‹‹ይደግማሉ›› በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። ክበቡን የሠሩት እነማን እንደ ሆኑ፥ ዕድሜአቸው፥ ጐሣቸው፥ በስተኋላ የቆሙት ልጆች የትኛውን ቃል እንደ ተቀበሉና የትኛውን እንደ ሳቱ ተለይቶ ቢጻፍ፥ ለሁለተኛ ድምፅ መቅጃ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ አይደለም።